አመስግኖ የሚቀር ሰው

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ሲስተር ዕድሜያቸውን በአእምሮ ሕክምና ነርስነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪ አማካሪዎችን ቤታቸው እየተቀበሉ ሥራቸውን የሚያርሙ ሴት ናቸው። ወጣቱ በሥነ ልቦና ተመርቆ በአንድ የግል የምክር ማዕከል የተቀጠረ ነው። ሁለቱም፣ የሚያነሷቸው ተገልጋዮችም የፈጠራ ሰዎች ናቸው። የሚጠቅሷቸው ጥናቶች ግን በእውነት የተደረጉ ናቸው፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱ፦ ዛሬ በቀላሉ አልረታም ሲስተር። «ምክር ለመስጠት አትቸኩል» ይሉኛል። ሰው ከሥራ አስፈቅዶ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሮ፣ ከኪሱ ከፍሎ የሚመጣው «ምን ላድርግ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ተማርኩት «አንተስ ምን ማድረግ ያለብህ ይመስልሃል?» እለዋለሁ። አንዱ ባለፈው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱን ባውቀው እዚህ ምን አመጣኝ?»

ሲስተር፦ እውነቱን ነዋ! እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምልህ። ጥያቄን በጥያቄ መመለስ የሙያ ወግ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ረታሁ ማለት ነው።

ሲስተር፦ ቆይ እንጂ። ያልሰሙትን ሰው መምከር ስህተት ነው። ሰምተው ሲያበቁ ደግሞ የሚያውቁትን ይዘው ዝም ማለትም ስህተት ነው። መጽሐፍ ያነበባችሁት ልጆች ከፊተኛው ስትሸሹ ኋለኛው ላይ ትወድቃላችሁ። ሰውየው የጠየቀህ ስለ ምን ነበር?

ወጣቱ፦ ሥራ ስለ መልቀቅ። አለቃው እየሰደበው ነው።

ሲስተር፦ ስንት ጊዜ ተገናኝታችኋል?

ወጣቱ፦ የመጀመሪያችን ነበር። እንዲያውም ገና መቀመጣችን ነው።

ሲስተር፦ እንግዲያው «እሱን አብረን እናየዋለን፤ መጀመሪያ ግን ነገሩ ከየት እንደ ተነሳ ንገረኝ» ብትለው ይበቃህ ነበር። መልስ አልነፈግከውም፤ መልሱ የሚመጣበትን ጊዜ ነው የነገርከው። ሰው ይህን ያህሉን ይታገሣል።

ወጣቱ፦ የሥነ ልቦናው ሊቅ ሮጀርስ ግን ተገልጋዩን አትምራው፣ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል ነው የሚለው።

ሲስተር፦ ሮጀርስን የምታውቀው ከፈተና ወረቀት ነው። እኔ ለእሱ ባርኔጣዬን የማነሳው በሌላ ሥራው ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ኦሃዮ ሲያስተምር፣ የምክር ክፍሉ ውስጥ ማይክሮፎን አስገብቶ ንግግሩን በሸክላ ያስቀርጽ ነበር። በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ሰው ምክክር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ታትሟል። ከዚያ በፊት እዚያ ክፍል ውስጥ የተባለውን የምናውቀው አማካሪው ቤቱ ገብቶ ከጻፈው ነበር። አማካሪ በቃሉ የሚጽፈው ማስታወሻ ደግሞ፣ ምንም ቢሆን፣ ራሱን ጎበዝ አድርጎ ነው የሚጽፈው። አሁን ያን የቀረጽከውን አምስት ደቂቃ አምጣ።

(ወጣቱ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። ተገልጋይዋን አስፈቅዶ የቀረጸውን፣ ስምና ምልክት አጥፍቶ የገለበጠው ነው። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።)

እሷ፦ ስድስት ዓመት ሙሉ ብር ላክሁ። ስመለስ ቤቱ በወንድሜ ስም ሆኖ አገኘሁት።
እሱ፦ በጣም ያሳዝናል። ግን እናትሽ ክፉ አስበው ያደረጉት አይመስለኝም።
እሷ፦ እሱስ… አዎ።
እሱ፦ አይዞሽ። በእናትና በልጅ መካከል የማይፈታ ነገር የለም። ቁጭ ብላችሁ ብትነጋገሩ ጥሩ ነው።
እሷ፦ እሺ።
እሱ፦ ጸሎት ታደርጊያለሽ አይደል?
እሷ፦ አደርጋለሁ።
እሱ፦ ጎበዝ። እና መጥፎ መጥፎ ነገር አታስቢም አይደል?
እሷ፦ ኧረ አላስብም።
እሱ፦ በጣም ጥሩ። እንግዲህ በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።
እሷ፦ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በጣም ነው የማመሰግነው።

ሲስተር፦ መጣች በሚቀጥለው ሳምንት?

ወጣቱ፦ አልመጣችም። ግን ሲስተር፣ አመስግና ነው የሄደችው! ፈገግ ብላ ነው የወጣችው። ምናልባት ተሽሏት ይሆናል።

ሲስተር፦ ምናልባት። እስቲ ወረቀቱን አብረን እንየው። ልጅቷ የራሷን ነገር የተናገረችው የቱ ላይ ነው?

ወጣቱ፦ መጀመሪያው ላይ።

ሲስተር፦ መጀመሪያው ላይ ብቻ። ከዚያ በኋላ ያለው «አዎ»፣ «እሺ»፣ «አደርጋለሁ»፣ «አላስብም» ነው። «ቤቱ በወንድሜ ስም» ብላ ሳትጨርስ «ግን» ብለህ ገባህ፤ እናትየዋን ተከላከልክላቸው። እናትየዋ ክፍሉ ውስጥ አሉ?

ወጣቱ፦ የሉም።

ሲስተር፦ ሽምግልና ተቀምጠህ ነበር። እሱንም በወጉ ቢሆን ምን ነበረበት! ሽማግሌ እኮ መጀመሪያ በዳይንም ተበዳይንም ተራ በተራ ያናግራል፤ «ጨረስክ ወይ? የቀረህ ነገር አለ ወይ?» ይላል፤ ከዚያ ነው «እንግዲህ ለእኛ ስትል» የሚመጣው። አንተ ዕርቁን ከክሱ አስቀደምከው። ይህቺ ልጅ ደግሞ ያንን «ግን» ከአክስቷም፣ ከንስሐ አባቷም፣ ከጎረቤቷም ስትሰማው ነው የከረመችው። አንተ ጋ የመጣችው አንድ ሰው እንኳ «ግን» ሳይል እንዲሰማት ነበር።

ወጣቱ፦ እያለቀሰች ነበር እኮ። ምን ላድርግ? ሰው ፊቴ ሲያለቅስ አይዞሽ አለማለት ከባህላችን ውጪ ነው።

ሲስተር፦ አይዞሽ ማለትህን አልጠላሁም። ያልክበትን ጊዜ ነው የጠላሁት። ሰው ሲያለቅስ ቶሎ ብለን አይዞህ የምንለው ብዙ ጊዜ ለራሳችን ነው፤ ልቅሶው ስለሚከብደን እንዲያቆምልን። ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ አልቅሶ ይውጣለት ይባላል፤ «በቃ፣ በቃ» የሚመጣው ቆይቶ ነው። እህ ብሎ መስማት ድሮም የነበረን ነገር ነው። ዲፕሎማ ስንይዝ ነው የጠፋን።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ምን ማለት ነበረብኝ?

ሲስተር፦ «ስድስት ዓመት ሙሉ ልከሽ?» ብቻ። ወይም ምንም ሳትል እስክትቀጥል መጠበቅ። ከቀጠለች የት አገር እንደ ነበረች፣ ማን ቤት፣ ስንት እንደምትልክ፣ ስትልክ ስለዚያ ቤት ምን ታስብ እንደ ነበር ትነግርሃለች። ምናልባት ሌሊት እንቅልፍ ስታጣ የበሩን ቀለም ስትመርጥ ነበር ያደረችው። ያንን ሳትሰማ የእናትና የልጅን ነገር እንዴት ትዳኛለህ?

(እዚህ ላይ ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ተረታ ማለት ግን አይደለም።)

ወጣቱ፦ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ሰው ካልተመቸው ለምን አይናገርም? አንድ ቃል ብትለኝ እኮ አቆም ነበር።

ሲስተር፦ እንግዳ ሆነህ የተሰጠህን ቡና ቀጥኖብኛል ብለህ ታውቃለህ? ልጅቷም «የተማረ ሰው ነው፣ ጊዜውን ሰጥቶኛል፣ ለእኔው ብሎ ነው፣ እንዴት ተሳስተሃል እለዋለሁ» ትላለች። ስለዚህ ታመሰግንና ትቀራለች። ይሉኝታችን የት ይሄዳል? ደግሞ ይህ የእኛ ብቻ አይምሰልህ፤ እኛ ላይ ይበረታል እንጂ በሌላውም አለ። ፍሮይድን እንኳ ገጥሞታል። በ1900 መጨረሻ ቪየና ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ያክም ነበር፤ በጽሑፉ ዶራ ይላታል። አባቷ ነው ያመጣት። የአባቷ ወዳጅ የሆነ ሰው ለክፉ እንደ ጠየቃት ተናግራ የሚያምናት አጥታ ነበር። ፍሮይድ ነገሩ መፈጸሙን አመናት፤ ነገር ግን «ሰውየውን በልብሽ ትወጂዋለሽ» ብሎ ድርቅ አለ። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ መጥታ ዛሬ የመጨረሻዬ ነው አለችው። መቼ ነው የወሰንሽው ቢላት፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ገደማ አለችው።

ወጣቱ፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳያውቅ?

ሲስተር፦ ሳያውቅ። የእሷ መልስ ደግሞ ምን እንዳደረገው ልንገርህ። ሁለት ሳምንት ማለት የቤት ሠራተኛ ሥራ ልትለቅ ስትል የምትሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ እሱኑ ይተረጉምላት ጀመር። ልጅቷ እየሄደች፣ ሰውየው እየተረጎመ! በ1905 ታሪኩን ሲያሳትም ግን፣ በእሱና በእሷ መካከል ይካሄድ የነበረውን በጊዜ አለማየቱን ጽፏል። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ወጣቱ፦ ፍሮይድ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አሁን መለኪያ አለ፣ ሥልጠና አለ።

ሲስተር፦ አሁንም ያው ነው። በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምክር ማዕከል የተደረገ። አማካሪዎቹ 550 ተገልጋዮቻቸውን አንድ በአንድ እያዩ «ይህ እየባሰበት ይጨርሳል» የሚሉትን እንዲለዩ ተጠየቁ። ከመቶ ስምንት ያህሉ እንደሚብስባቸው አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ስንት ሰው የለዩ ይመስልሃል?

ወጣቱ፦ ሠላሳ?

ሲስተር፦ ሦስት። የባሰባቸው ደግሞ 40 ነበሩ። ከሦስቱ ትክክል የሆነው አንድ ግምት ብቻ ነው፤ እሱም የልምድ ባለቤቶቹ ሳይሆን የአንድ ተለማማጅ ነበር።

ወጣቱ፦ እና ልምድ ምን ይጠቅማል?

ሲስተር፦ ለብዙ ነገር ይጠቅማል። ራስህን ለማየት ግን አይጠቅምህም። በ2012 ደግሞ 129 ባለሙያዎች «ከሙያ ባልደረቦቻችሁ አንጻር ራሳችሁን ከመቶ ስንት ላይ ታስቀምጣላችሁ?» ተብለው ተጠየቁ። በአማካይ ሰማንያ ላይ ነኝ አሉ። ሩቡ ዘጠናና ከዚያ በላይ ነኝ አለ። ከመካከለኛ በታች ነኝ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። እኔም ያኔ ሥራ ላይ ሆኜ ብጠየቅ ቁጥሬን ዝቅ የማደርግ አይመስለኝም። የሙያው ችግር ይኸው ነው። ሹፌር ሲሳሳት መኪናው ይነግረዋል፤ አማካሪ ሲሳሳት ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ወንበር ደግሞ ምክንያት አይናገርም። አንተም ተሽሏት ይሆናል ብለህ ታልፋለህ።

ወጣቱ፦ ማዕከሉ በሰው ቁጥር ነው የሚከፍለን። በቀን ስምንት ሰው አያለሁ። አንዱ ሲቀር፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ምሳ መብያ አገኘሁ ብዬ ደስ የሚለኝ ቀን አለ።

ሲስተር፦ ለሱ መድኃኒት የለኝም። ስምንት ሰው በቀን የሚሰማ ጆሮ እኔም አልነበረኝም። አለቃህን መጨቃጨቅ ነው እንጂ፣ ይህን እኔ በቅዳሜ ቡና አልፈታልህም።

ወጣቱ፦ ወረቀቱ ላይ ሌላ ምን አዩ? ፊትዎ ስለተቀያየረ ነው።

ሲስተር፦ «መጥፎ መጥፎ ነገር አታስቢም አይደል?» የሚለው። ከሁሉም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። «አይደል?» ብለህ ከጠየቅህ መልሱን አንተው ሰጥተሃታል። «ኧረ አላስብም» ከማለት ሌላ ምን በር ተውክላት? አንተስ «አስባለሁ» ብትልህ ለመስማት ተዘጋጅተህ ነበር?

ወጣቱ፦ እንደሱ አፍ አውጥቼ ብጠይቃት ሐሳቡን አሳስባት ብዬ ፈራሁ።

ሲስተር፦ ሁሉም ሰው የሚፈራው ያንኑ ነው፤ አልፎ አልፎ ሐኪሞችም። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ደጋግሞ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሐሳቡ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ሸክም ማራገፍ ነው። ስለዚህ በስሙ ትጠራዋለህ። «እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው አንዳንዴ መኖር ያስጠላዋል። አንቺስ ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?» ድምፅህን ሳትቀንስ፣ ዓይንህን ወረቀት ላይ ሳትተክል። መጥቶብኛል ካለችህ ደግሞ «በምን? መቼ? አሁንስ?» ብለህ ትቀጥላለህ፤ ብቻዋንም አትሰዳትም። ኃጢአት ነው ብለህ ስብከት ብትጀምር ግን በሩን ዘጋኸው። ኃጢአት መሆኑን ካንተ በፊት ታውቃለች፤ ደብቃ የያዘችውም ለዚያ ነው።

ወጣቱ፦ ይህን ለማለት መለማመድ ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ሲስተር፦ ጮክ ብለህ፣ ብቻህን፣ መስታወት ፊት። አሁን አትሳቅ።

(ሲስተር ተነስተው ቡናውን አቀረቡ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ወሬው ወደ መጠለያዎች ዞረ፤ ወጣቱ ከማዕከሉ ጋር ሆኖ በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ወደሚገኙበት አንድ ቦታ ለመሄድ ተመዝግቧል።)

ወጣቱ፦ ሰዎቹን በቡድን አስቀምጠን ያዩትን አንድ በአንድ እንዲናገሩ ልናደርግ ነው። ውስጣቸው ታምቆ እንዳይቀር።

ሲስተር፦ ማን ነው ይህን ያሰበው?

ወጣቱ፦ ሥልጠና ላይ ነው የተነገረን። ሲስተር፣ እርስዎ ራስዎ «አልቅሶ ይውጣለት» ሲሉ አልነበረም እንዴ?

ሲስተር፦ ጥሩ ያዝከኝ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ራሱ መናገር የጀመረን ሰው መስማት ሌላ፣ ሳይፈልግ ተሰልፎ እንዲናገር ማድረግ ሌላ። የምትለው ዘዴ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ ሠራተኞች የወጣ ነው፤ ከዚያ አደጋ በደረሰበት ሁሉ ተዛመተ። ካርዲፍ ውስጥ እሳት ያቃጠላቸውን ታካሚዎች ይዘው ለከፊሎቹ ይህን መሰሉን አደረጉላቸው፤ ውጤቱ በ1997 ታተመ። ከ13 ወር በኋላ እንዲናገሩ ከተደረጉት ውስጥ ከመቶ 26ቱ ከአደጋ በኋላ የሚከተል የጭንቀት ሕመም ነበረባቸው፤ ምንም ካልተደረገላቸው ከመቶ 9ኙ ብቻ። በእርግጥ እንዲናገሩ የተደረጉት ከመጀመሪያውም ቃጠሏቸው ይበረታ ነበርና በዚህ አንድ ጥናት ብቻ አልፈርድም። በኋላ ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲታዩም ግን ጥቅሙ አልተገኘም።

ወጣቱ፦ ታዲያ ሄደን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?

ሲስተር፦ ብርድ ልብስ አለ? ውሃ አለ? የጠፋ ልጅ ያላት እናት ስልክ የምትደውልበት አላት? በ2011 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሦስት ነገር ነው የሚለው፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ሦስተኛው ላይ ነው ሰው የሚሰንፈው፤ ሩጫ ስላለበት። የቀበሌውን ሰው ፈልጎ ማግኘት፣ መድኃኒቱ ያለቀበትን የሚጥል በሽታ ታማሚ ጤና ጣቢያ ማድረስ። ይህ የሥነ ልቦና ሥራ አይደለም እንዳትለኝ። ሰው ሲናገር ሰምተህ፣ በማግስቱ ከልጁ ጋር ካገናኘኸው፣ ያኔ ነው የሰማኸው።

ወጣቱ፦ ለዚህማ ሥነ ልቦና አራት ዓመት ምን አስተማረኝ!

ሲስተር፦ ዝም ብለህ ስማኝ፤ ነርስነቴ ሊናገር ነው። እናንተ ጋ የሚመጣውን ሁሉ ከአእምሮ ጋር ነው የምታያይዙት። ልቧ የሚመታባት፣ የሚያልባት፣ የምትከሳ፣ እንቅልፍ የሌላት ሴት ስትመጣ «ጭንቀት» ብለህ ትመዘግባለህ። አንገቷን አይተሃል? አገራችን እንቅርት የበዛበት ነው፤ ታይሮይዱ ሲያብድ ጭንቀትን ቁርጥ አድርጎ ይመስላል። ደም ማነስ ደግሞ ድብርትን ይመስላል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ላካት። በተቃራኒውም አለ፤ «ጨጓራዬን» እያለች ሦስት ዓመት ኦሜፕራዞል የምትውጥ ሴት፣ ነገሩ ባሏ ሆኖ ታገኛለህ።

ወጣቱ፦ ጸበል የሚሄዱትስ? እኔ አንዷን መድኃኒቱንና ጸበሉን ምረጪ ብያት ነበር።

ሲስተር፦ ለምን ትመርጣለች? ካስመረጥካት ጸበሉን ነው የምትመርጠው፤ መድኃኒቱንም አንተንም ትተዋለች። ሁለቱንም ይዛ ትሂድ፤ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ብቻ ስምምነት አድርግ። ከተቻለ ከሚያጠምቁት አባት ጋር በፈቃዷ ተነጋገር። ብዙዎቹ እኛ ከምንገምተው በላይ ያዳምጣሉ።

ወጣቱ፦ ሚስጥር ላይ እኔ ጠንቃቃ ነኝ። ለሁሉም ሰው «ከዚህ ክፍል ምንም አይወጣም» ብዬ ነው የምጀምረው።

ሲስተር፦ ዋሸህ። ነገ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊገድል የተዘጋጀ ሰው ቢመጣ ይዘህ ታድራለህ? የማትጠብቀውን ቃል አትግባ፤ ገደቡን ከመጀመሪያው ቀን ንገረው። የሚከፍለው አባት «ልጄ ምን አለህ?» ብሎ ሲመጣም የምትመልሰውን ልጁ ፊት አስቀድመህ ተናገር። እሱ ቀላል ነው፤ እንለፈው።

ወጣቱ፦ የሚጠጡ ሰዎችስ? ሚስት ጎትታ የምታመጣው ሰው አለ። እሱን እንኳ ካልገሠጽኩት ምን ልለው ነው? ፊት ለፊት «ቤትህን እያፈረስክ ነው» አልኩት።

ሲስተር፦ እሱስ ምን አለ?

ወጣቱ፦ «የምጠጣው እንደማንም ሰው ነው፤ እሷ ናት የምታጋንነው» ብሎ ተከራከረኝ።

ሲስተር፦ ያከራከርከው አንተ ነህ። ሰው አንዱን ጎን ስትይዝበት ሌላውን ይይዛል። ሚለር የሚባለው የአሜሪካ የሥነ ልቦና ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 ያወጣው ጥናት አለ፤ አማካሪው ሰውየውን በገሠጸው፣ ባፋጠጠው መጠን፣ ሰውየው ከዓመት በኋላ የሚጠጣው በዝቶ ተገኘ። «መጠጡ ምን ይሰጥሃል? ምንስ ወሰደብህ?» ብለህ ሁለቱንም ከራሱ አፍ አውጣ። ወሰደብኝ የሚለውን ራሱ ሲናገረው፣ ሚስቱ ከመቶ ጊዜ በላይ ካለችው ይበልጥ ይሰማዋል።

ወጣቱ፦ አሁንም የፈረንጅ ጥናት ነው የሚጠቅሱልኝ። እኛ አገር ሰው ታላቅ ሲገሥጸው ነው የሚሰማው።

ሲስተር፦ እንግዲያው ሐራሬ እንሂድ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪም አለ፤ ጎበዝ ሰው ነው። አንዲት ታካሚው ራሷን አጠፋች። ሆስፒታል እንድትመጣ ተነግሯት ነበር። ለምን አላመጣችኋትም ብሎ ቢጠይቅ፣ ለአውቶቡስ የሚከፈል አጣን ነው ያሉት እናቷ። ከዚያ በኋላ በ2006 ምን አደረገ? የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ታላቅ ካልክ ከዚያ በላይ ታላቅ አለ? ግን አያቶቹ አይገሥጹም። የሰውየውን ችግሮች ያስዘረዝሩታል፣ ከዝርዝሩ አንዱን ራሱ ይመርጣል፣ መፍትሔውን አብረው ያወጣሉ። በ24 ጤና ጣቢያ በ573 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2016 ታተመ፤ ከስድስት ወር በኋላ የአያቶቹ ሰዎች ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። አየህ፣ ምክር አለ፤ ቅደም ተከተሉ ነው ልዩነቱ።

ወጣቱ፦ የአውቶቡሱ ነገር አስደነገጠኝ። ሰው ሲቀር ወይ ተሽሎታል ወይ ጠልቶኛል ነው የምለው። ሳንቲም አጥቶ ይሆናል ብዬ አላውቅም።

ሲስተር፦ ስለዚህ ትጠይቃለህ።

ወጣቱ፦ እንጠይቃለን እኮ! ከሴሽን በኋላ ቅጽ እናስሞላለን፤ «አገልግሎቱን ከአንድ እስከ አሥር እንዴት ያዩታል?» ሁሉም አሥር ነው የሚሰጠን።

ሲስተር፦ አሥር ሳይሰጥ የሚወጣ ሐበሻ አሳየኝ! ያውም እያየኸው ሲሞላ። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ዛሬ ካወራነው ውስጥ ያልጣመሽ የቱ ነው?» ያልጣመሽ አለ ወይ ካልኩ የለም ትለኛለች፤ የቱ ነው ካልኩ ግን መኖሩን እኔው ስለተቀበልኩላት ማፈሩ ይቀንሳል። እሱም ካልሠራ፦ «ቤት ስትገቢ ጓደኛሽ እንዴት ነበር ብትልሽ ምን ትያታለሽ?» ለእኔ ደፍራ የማትለውን ለጓደኛዋ አድርጋ ትነግረኛለች። «ትንሽ ፈጠነ» ካለችኝ ሲሳይ ነው። አመሰግንና በሚቀጥለው ቀን እሷው ባለችው እጀምራለሁ። መከራከር የለም፤ «እኔ እኮ ያልኩት» ማለት የለም።

ወጣቱ፦ ያችን ልጅ ሰኞ ደውዬ እንደዚያ ልጠይቃት። «ባለፈው ስለ እናትሽ ቶሎ ገባሁ፣ የአንቺን ሳልሰማ» ልላት እችላለሁ።

ሲስተር፦ ጥሩ ንግግር ነው። ቅጹ ላይ ያለው ስልክ የራሷ ነው?

ወጣቱ፦ ሲመስለኝ… አይደለም። ያኔ ሲም አላወጣችም ነበር። የቤት ነው።

ሲስተር፦ ማን ነው የሚያነሳው?

ወጣቱ፦ ቀጠሮ ለማስታወስ ተደውሎ ወንድ ነው ያነሳው። ወንድሟ።

ሲስተር፦ ቤቱ በስሙ ያለው ወንድሟ?

ወጣቱ፦ …እሱው።

ሲስተር፦ እንግዲያው አትደውልም።

ወጣቱ፦ ታዲያ እንዴት ነው የማገኛት?

ሲስተር፦ ራሷ ካልመጣች አታገኛትም። ሰኞ ቅጹን ቀይር። ከስልክ ቁጥሩ ሥር ሁለት መስመር ጨምርበት፦ «ይህን ስልክ ሌላ ሰው ያነሳዋል?» እና «ካነሳው ከየት ነው የደወልኩት ልበል?» አለቃህ ወረቀት አበዛህ ካለ ወደ እኔ ላከው፤ ቡና አላጣም።